ጣውላም ወፍም፦ የተተከለን ደን በየትኛው መንገድ እናስተዳድር?

«ደን» የሚለው ቃል ሆዱ ሰፊ ነው። በገመድ ተለክቶ በመስመር የቆመ አንድ ሺህ ሄክታር ባሕር ዛፍም ደን ይባላል። በጅረቱ ግራና ቀኝ ነባር ዛፍ የተተወለት፣ ያረጀ ግንድ ወድቆ የሚበሰብስበት፣ ጠዋት ጠዋት በወፍ ጫጫታ የሚደነቁርም ደን ይባላል። ሁለቱም እንጨት ይሰጣሉ። ሁለቱም «ተክለናል» ተብሎ ሪፖርት ይጻፍባቸዋል። ውስጣቸው ገብቶ ላየ ሰው ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

ችግሩ ምክር ሰጪ መብዛቱ ነው። አንዱ «ዝርያ ቀላቅላችሁ ትከሉ» ይላል። ሌላው «መቀላቀል ራስ ምታት ነው፤ ዳር ዳሩን ለተፈጥሮ ተዉና መሃሉን እረሱት» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ጠርጎ መቁረጥ ካላቆማችሁ ሁሉም ከንቱ ነው» ይላል። ሦስቱም አልዋሹም። ሦስቱም ግን የራሳቸውን መሬት እያሰቡ ነው የሚያወሩት።

ስለዚህ መጀመሪያ መመዘኛ እናስቀምጥ፤ ከዚያ አማራጮቹን አንድ በአንድ እንይ። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ ብዙ ሰው ክርክሩን «ምን እንትከል?» ብሎ ይጀምራል። እኔ «የት አንትከል?» የሚለው ይቀድማል ባይ ነኝ። (ዓመተ ምሕረቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ለምን ያሳስባል?

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ በ2020 ባወጣው የደን ግምገማ መሠረት በዓለም ላይ 294 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የተተከለ ደን አለ። ከዓለም ደን 7 በመቶ መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ 131 ሚሊዮን ሄክታሩ ጠበቅ ባለ አያያዝ የሚለማ ነው፦ አንድ ወይም ሁለት ዝርያ፣ እኩል ዕድሜ፣ እኩል ርቀት። ከዚሁ 44 በመቶው መጤ ዝርያ ነው።

መሬቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የተተከለ ደን ለኢንዱስትሪ ከሚውለው እንጨት ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚጠጋውን እንደሚያቀርብ ይገመታል። ስለዚህ «ተክል ደን ይቅር» ማለት አያዋጣም። እንጨቱ ከዚህ ካልመጣ ከተፈጥሮ ደን ነው የሚመጣው።

ከንጽጽሩ በፊት፦ ዛፉ የማንን ቦታ ያዘ?

የተፈጥሮ ደን መንጥሮ የተከለ ሰው፣ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ጥሩ አያያዝ ቢከተል ያጠፋውን አይመልስም። ከታች ያሉት አማራጮች በሙሉ ይህን ስህተት አያርሙም። በተቃራኒው አፈሩ ተሟጦ የተተወ የእርሻ መሬት ላይ የተተከለ ደን፣ መጤ ዝርያ እንኳ ቢሆን፣ ካለው ነገር ላይ ይጨምራል።

ሰው የሚሳሳተው በመሃሉ ነው። የተፈጥሮ ሣር ሜዳ ለብዙዎቻችን «ባዶ መሬት» ነው። ባዶ አይደለም። ሣሩ፣ አበባው፣ መሬት ላይ የምትፈለፍለው ወፍ፣ ሁሉም ብርሃን ፈላጊ ናቸው። ዛፍ ስንተክልባቸው ቤታቸውን ዘጋንባቸው ማለት ነው። ውሃውም ሌላ ታሪክ ነው። በ2005 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከተለያዩ የዓለም ክፍሎች የተሰበሰበ መረጃ አገናዝቦ ነበር። ሣር ወይም ቁጥቋጦ የነበረው መሬት በተክል ደን ሲሸፈን የጅረት ፍሰት በአማካይ በ52 በመቶ ቀነሰ። ከጅረቶቹ 13 በመቶዎቹ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ጭራሽ ደረቁ። ደቡብ አፍሪካ በ1998 የውሃ ሕጓ ለንግድ የሚተከል ደንን «የወንዝ ፍሰት የሚቀንስ ሥራ» ብላ የመደበችው በዚሁ ምክንያት ነው።

የገበያ ጣጣም አለው። ኤፍኤስሲ የተባለው የደን ምስክር ወረቀት ከኅዳር 1994 በኋላ የተፈጥሮ ደን ተመንጥሮ የተተከለን ደን ለረጅም ጊዜ አልቀበልም ሲል ቆይቷል። በ2023 ሥራ ላይ የዋለው አዲስ ፖሊሲ የመጨረሻውን ቀን ወደ ታኅሣሥ 31፣ 2020 አሻግሮታል፤ በመሃሉ ላጠፉት ደግሞ የማካካሻ ግዴታ አስቀምጧል። ምንጣሮ ላይ የቆመ ደን ገበያ ላይ ሲያስቸግር ይኖራል።

በምን እንመዝን?

አምስት መመዘኛ ይበቃናል።

አንደኛው እንጨቱና ጊዜው ነው። በሄክታር ስንት ሜትር ኪዩብ? በስንት ዓመት? አጣና ነው፣ የወረቀት ጥሬ ዕቃ ነው ወይስ ወፍራም የጣውላ ግንድ?

ሁለተኛው ብዝኃ ሕይወት ነው፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል። «ብዝኃ ሕይወት ጨመረ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ «የማን?» ብላችሁ ጠይቁ። ክፍት ቦታ የሚወድ ፍጥረትና ጥላ የሚወድ ፍጥረት በአንድ እርምጃ አይደሰቱም። የኒውዚላንድ ጭልፊት፣ ካረአረአ፣ ጥሩ ምሳሌ ናት። ካይንጋሮዋ በሚባለው ግዙፍ የፓይን (መርፌ ቅጠል ያለው ዛፍ) ተክል ውስጥ ትራባለች። ጎጆዋን የምትሠራው ደግሞ አሁን ተቆርጦ ገና ችግኝ በተተከለበት ቦታ ላይ፣ መሬት ላይ ነው። አድኗ ወጣቱ ተክል ከአሮጌው በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ይበዛል። ጠርጎ መቁረጥ ለእሷ አልከፋም። የሞተ እንጨት ውስጥ የሚኖር እንጉዳይ ግን በዚያው ቆረጣ ያልቅለታል። ስለዚህ የቁጥር ብዛት ብቻ አትዩ። ሌላ ቦታ መኖር የማይችሉት ምን አገኙ፣ ያንን እዩ።

ሦስተኛው አደጋ ነው፦ ተባይ፣ እሳት፣ ነፋስ፣ የገበያ መውደቅ። አራተኛው ውሃ። አምስተኛው እውቀትና ጉልበት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኼኛው ነው። ወረቀት ላይ ያማረ ዕቅድ የሚበላሸው የሚቆረጠውን ዛፍ መርጦ ምልክት የሚያደርግ የሠለጠነ ሰው ሳይኖር ሲቀር ነው።

አማራጭ 1፦ አንድ ዝርያ፣ አጭር ዙር፣ ጠርጎ ቆረጣ

ይህ የተለመደው መንገድ ነው። «ዙር» የምንለው ከተከላ እስከ ቆረጣ ያለውን ጊዜ ነው። በብራዚል ለወረቀት የሚተከል ባሕር ዛፍ በ6 ወይም በ7 ዓመት ይቆረጣል። በኒውዚላንድ ከተተከለው ደን 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው ራዲያታ የሚባል ፓይን ነው፤ የሚቆረጠውም በ28 ዓመት አካባቢ ነው።

ጥቅሙን መካድ አይገባም። ዘሩ የተሻሻለ ነው፣ ሥራው ግልጽ ነው፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ማሽን፣ አንድ ዓይነት ግንድ፣ አንድ ገዢ። ገንዘብ ቶሎ ለሚያስፈልገው ሰው ተወዳዳሪ የለውም።

ጉዳቱ ሁሉንም እንቁላል አንድ ቅርጫት ውስጥ መክተቱ ነው። በመካከለኛው አውሮፓ ለዘመናት ስፕሩስ የሚባል መርፌ ቅጠል ዛፍ ብቻ እየተተከለ ኖረ። ከ2018 ጀምሮ ድርቅ ሲመታው ከቅርፊት ሥር የምትራባ ትንሽ ጢንዚዛ ተነሣች። ጀርመንና ቼክ ውስጥ ተራራ ሙሉ ደን ደረቀ። የእንጨቱ ገበያ ጠገበና ዋጋውም ወደቀ። ባለ ደኑ ሁለት ጊዜ ተመታ።

ለብዝኃ ሕይወት የሚተርፈው ትንሽ ነው። ዙሩ በጣም አጭር ስለሆነ ዛፉ አርጅቶ ግንዱ ውስጥ ጉድጓድ አያወጣም፣ ቅርንጫፉ አይበሰብስም። በዚህ ላይ ፀረ አረም መድኃኒት በሙሉ መሬቱ ላይ ከተረጨ ምንም አይቀርም። ቢያንስ ቢያንስ መድኃኒቱን በየችግኙ ዙሪያ አንድ ሜትር ላይ ብቻ ወስኑት። ለችግኙ ያን ያህል ልዩነት አያመጣም፤ በመስመሮቹ መሃል ላለው ሣርና አበባ ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

አማራጭ 2፦ መሃሉ ለእንጨት፣ ዳርና ጅረቱ ለተፈጥሮ

እዚህ ዛፉን አንለውጥም። የምንለውጠው ካርታውን ነው። የጅረት ዳር፣ ረግረግ፣ ገደል፣ የቀረች የነባር ደን ቁራጭ፣ ድንጋያማ ቦታ፣ እነዚህ አይተከሉም። የተቻለውን ያህል እርስ በርስ ይገናኛሉ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ መቶ ሄክታር መሬት ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ጅረት ያልፋል እንበል። በሁለቱም በኩል 20 ሜትር ብንተው 40 ሜትር በ1,000 ሜትር ይሆናል። 4 ሄክታር ማለት ነው። ከመቶው 4 በመቶ ብቻ። ያም 4 በመቶ አብዛኛውን ጊዜ ትራክተር የሚሰምጥበት፣ ግንድ ለማውጣት የሚያስቸግር መሬት ነው። ከዚያ የሚገኘው እንጨት ባይገኝም የሚያጎድለው ከስፋቱ ያነሰ ነው።

በምላሹ የሚገኘው ብዙ ነው። ውሃው ጥላ ያገኛል፤ አፈር ሲታጠብ ዳሩ ያጣራዋል። እንስሳው መተላለፊያ ያገኛል። ነባሩ ዛፍ ደግሞ ዘር ይሰጣል፤ ወፍ ዘሩን ወደ ተክሉ ውስጥ ትወስደዋለች። አማራጭ 3ን ስናይ ይህ ዘር እንዴት እንደሚጠቅም ታያላችሁ።

ብዙ ሕጎችና መመዘኛዎች የተጠጉት ወደዚህ ነው። የብራዚል የደን ሕግ ከአማዞን ክልል ውጭ ያለ የገጠር ይዞታ 20 በመቶውን በተፈጥሮ ዕፅዋት እንዲይዝ ያስገድዳል፤ ከ10 ሜትር በታች ስፋት ባለው ወንዝ ዳር ደግሞ 30 ሜትር ይጠበቃል። ኤፍኤስሲ በዓለም አቀፍ መነሻ መመዘኛው ቢያንስ 10 በመቶው ለጥበቃ እንዲውል ይጠይቃል። የብሪታንያ የደን ደረጃ ትንሽ ለየት ይላል፦ በ2023 በታደሰው እትም አንድ ዝርያ ከ65 በመቶ እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ቀድሞ 75 ነበር። ቢያንስ 10 በመቶ ክፍት ቦታ ወይም ለብዝኃ ሕይወት የተተወ መሬት ይፈልጋል።

ድክመቱ? የተተወ ቦታ በራሱ አይጠበቅም። በሣር አገር የተተወ መተላለፊያ መጤ ዛፍ ሲወርሰው ያልቃል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከተክል ደን አምልጦ ወንዝ ለወንዝ የተስፋፋው ፓይንና ጥቁር ግራር ያስከተለው ወጪ ይህን ያስተምራል። በየዓመቱ ወጥቶ የበቀለውን መንቀል ሥራ ነው፤ በጀት ውስጥ ይግባ።

ሌላው ድክመት ቁርጥራጭ መሆን ነው። አሥር ሜትር ስፋት ያላት ቀጭን መስመር ሁለመናዋ ጠርዝ ናት። ብዙ ቀጫጭን መስመር ከምትተዉ ጥቂት ወፍራም ተዉ።

አማራጭ 3፦ ያው ዛፍ፣ ሌላ አያያዝ

ወደ አንድ ያልሳሳ፣ ማለትም ከመሃሉ ዛፍ ተመርጦ ያልወጣለት፣ የፓይን ተክል ግቡ። ዕድሜው 12 ዓመት ነው እንበል። በ2 ሜትር ርቀት ስለተተከለ በሄክታር 2,500 ግንድ አለው። ቀትር ላይ ጨለማ ነው። መሬቱ በቡናማ መርፌ ቅጠል ተነጥፏል፤ ስትረግጡት ምንጣፍ የረገጣችሁ ይመስላል። ሣር የለም። የታችኞቹ ቅርንጫፎች ደርቀው ፊት ይቧጭራሉ። የሚሰማው የነፋስ ድምፅ ብቻ ነው። ግንዶቹ ቀጭን ናቸው፤ እርስ በርስ እየተሻሙ ሽቅብ ብቻ ያድጋሉ።

አሁን ከግማሽ በላዩን አውጡትና ከሁለት ክረምት በኋላ ተመለሱ። ብርሃን በጠጠር በጠጠር መሬት ላይ ወድቋል። በመርፌ ቅጠሉ መሃል ሁለት ጣት የምታህል፣ ሰፊ ቅጠል ያላት ችግኝ ታገኛላችሁ። ማንም አልተከላትም። ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ ቀና ብላችሁ ብታዩ የወፍ ማረፊያ ነው።

ማሳሳት ከሁሉም አማራጮች ርካሹ ነው፤ እንዲያውም የሚወጣው እንጨት ስለሚሸጥ ወጪውን የሚመልስበት ጊዜ ብዙ ነው። ለጣውላ የሚፈለግ ደን በመጨረሻ በሄክታር 300 ወይም 400 ግንድ ቢቀርለት ይበቃዋል። የቀሩት ይወፍራሉ። ባለ እንጨትና ባለ ወፍ የሚስማሙበት ብርቅ ነጥብ ይህ ነው፦ ወፍራም ግንድ የሚፈልገውም፣ ከሥር የሚበቅለውን የሚፈልገውም ብርሃን ነው የሚጠይቁት።

በመጤ ዛፍ ጥላ ሥር ነባር ዝርያ ይበቅላል ሲባል አንዳንዱ ይስቃል። ግን በብዙ አገር ታይቷል። በኢትዮጵያ የሙኔሳ ሻሸመኔ ደን ላይ የተደረገና በ2002 የታተመ ጥናት በፈረንጅ ጥድ፣ በፓይንና በባሕር ዛፍ ሥር በርካታ ሀገር በቀል የእንጨት ዝርያዎች በራሳቸው በቅለው አግኝቷል። ቅርብ የዘር ምንጭ መኖሩ ወሳኝ ነው፤ አማራጭ 2 የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

ከማሳሳት ሌላ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ዙሩን ማርዘም ነው፤ በከፊል መሬታችሁ ላይ እንኳ 10 ዓመት ብትጨምሩ ለውጥ አለው። ሁለተኛው በቆረጣ ጊዜ መተው ነው። ስዊድን በ1993 የደን ሕጓ የምርትንና የአካባቢን ግብ እኩል ካደረገች ወዲህ ጠራርጎ መቁረጥ ቀርቷል ባይባልም፣ ቆራጩ ጥቂት ዛፎችን በሕይወት ይተዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ቆርጦ ረጅም ጉቶ ያስቀራል። እንግዳ ነገር ይመስላል። ግን በፊንላንድ ከደን ዝርያዎች ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑት በሞተ እንጨት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ግንደ ቆርቁር፣ ጢንዚዛ፣ እንጉዳይ፣ ሁሉም ከዚያች ጉቶ ይቋደሳሉ። በአውሮፓ ደኖች የተደረጉ ጥናቶች በሄክታር ከ20 እስከ 50 ሜትር ኪዩብ የሞተ እንጨት ጥሩ መነሻ መሆኑን ያሳያሉ። ተክል ደን ውስጥ እዚያ መድረስ ይከብዳል። ከዜሮ ወደ አምስት መሄድ ግን አይከብድም፤ ጠማማውንና የተሰነጠቀውን መተው ነው።

የሞተ እንጨት የእሳትና የተባይ ጣጣ የለውም ወይ? አለው። ደረቅና እሳት የሚበዛበት አገር ከሆነ ክምር ቅርንጫፍ አትተዉ፤ ወፍራም ግንድ ብቻ፣ ተበታትኖ። ስፕሩስ በጢንዚዛ በተያዘ ዓመትም አዲስ የወደቀውን ቶሎ ማውጣት ግድ ነው። ቅርፊቱ የረገፈ አሮጌ ግንድ ግን ለዚያች ጢንዚዛ አይመቻትም፤ እሱን ተዉት።

አማራጭ 4፦ ዝርያ መቀላቀል

ሁሉም የሚወደው፣ ጥቂቶች ብቻ የሚሳካላቸው አማራጭ ነው።

ሳይንሱ ያበረታታል። ቻይና ጂያንግሺ ውስጥ በተደረገና በ2018 በታተመ ትልቅ ሙከራ 16 ዝርያ የተቀላቀለባቸው መደቦች በ8 ዓመት ውስጥ ከአንድ ዝርያ መደቦች አማካይ በእጥፍ የበለጠ ካርቦን አከማቹ፤ በሄክታር 32 ቶን ለ12 ቶን። ዜናው ሲወራ ግን አንድ ነገር ይዘለላል። እዚያው ሙከራ ውስጥ የነበሩት ሁለት የታወቁ የንግድ ዝርያዎች ለብቻቸው ተተክለው ያከማቹት ከድብልቁ ጋር ተቀራራቢ ነው። ከአማካዩ መብለጥና ከምርጡ መብለጥ ይለያያሉ። የእንጨት ነጋዴ የሚያወዳድረው ከምርጡ ጋር ነው።

የድብልቅ ትልቁ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የሚበሉ ነፍሳት ድብልቅ ውስጥ ጉዳታቸው ይቀንሳል። ናይትሮጅን የሚያበለጽግ ዛፍ ደግሞ ደካማ አፈር ላይ ጓደኛውን ይረዳል፤ ሃዋይ ውስጥ ባሕር ዛፍ ከአልቢዝያ ጋር ተቀላቅሎ ብቻውን ከተተከለው የበለጠ አድጓል። አፈሩ ጥሩ በሆነበት ቦታ ግን ይህ ጥቅም ይሳሳል፤ ፈጣኑ ዘገምተኛውን ይውጠዋል።

መዋጡ ነው ዋናው መሰናክል። ፈጣንና ዘገምተኛ ዛፍ አንድ ለአንድ ተፈራርቀው ከተተከሉ፣ ከአራት ዓመት በኋላ የምታገኙት የአንድ ዝርያ ደን ነው፤ ሌላው ከሥር ቀጭኖ ይቀራል። የችግኙም የጉልበቱም ዋጋ ውሃ በላው። ስለዚህ ዛፍ ለዛፍ አትቀላቅሉ። በትናንሽ መደብ፣ ወይም ሦስት አራት መስመር በአንድ ላይ አድርጉ። ቆረጣውም ይቀላል። ዝርያም ሁለት ይበቃል፤ ሦስት ካላችሁ ምክንያት ይኑራችሁ።

ደግሞ ማንኛውም ድብልቅ ከእሳት አያድንም። በ2017 ፖርቱጋል ፔድሮጋው ግራንዴ ላይ ከ60 በላይ ሰው የጨረሰው እሳት የነደደው ባሕር ዛፍና ፓይን በሞላበት መሬት ነበር። ሁለት ተቀጣጣይ ዛፍ መቀላቀል ሁለት ዓይነት ጭድ መቀላቀል ነው። የእሳት መከላከያ የሚሆነው ቅጠሉ እርጥበት የሚይዝ ዛፍ ሰፋ ባለ መስመር ሲቆም ነው።

አንድ ደስ የሚለኝ የድብልቅ ዓይነት አለ። ብራዚል፣ አትላንቲክ ደን አካባቢ፣ ባሕር ዛፍ ከነባር ዝርያዎች ጋር በመስመር ተፈራርቆ ተተከለ። አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ተሸጠ፤ ነባሮቹ ቀሩ። በ2020 የታተመው ውጤት እንደሚለው የባሕር ዛፉ ሽያጭ ከተከላው ወጪ ከ44 እስከ 75 በመቶውን ሸፈነ። መጤው ዛፍ ሞግዚት ሆነ ማለት ነው፤ አሳድጎ ሄደ።

አማራጭ 5፦ ሁልጊዜ ደን፣ መርጦ መቁረጥ

መሬቱ መቼም አይራቆትም። በየጥቂት ዓመቱ የደረሰው ዛፍ ብቻ እየተመረጠ ይወጣል፤ ከሥሩ ወጣቱ ይተካል። ስዊዘርላንድ ኩቬ በምትባል ቦታ ያለው ደን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እንዲህ እየተቆረጠ ዛሬም ቆሟል። ስሎቬንያም ጠርጎ መቁረጥን ከከለከለች አሥርተ ዓመታት አልፈዋል።

ለጥላ ወዳድ ፍጥረት፣ ለአፈርና ለውሃ ከዚህ የሚሻል የለም። ወፍራም ግንድ በየጊዜው ስለሚወጣ ገቢውም አይቋረጥም።

ግን ሦስት ቅድመ ሁኔታ አለው። ዛፉ በጥላ ሥር ማደግ መቻል አለበት፤ ባሕር ዛፍና አብዛኛው ፓይን አይችሉም። አፈሩ ሥር የሚይዝ መሆን አለበት፤ ረግረጋማ መሬት ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ካሳሳችሁ ነፋስ የቀረውን ይጥለዋል። ሦስተኛው ሰው ነው። መርጦ የሚያስቆርጥ ዓይን በአንድ ሥልጠና አይገኝም። ዓይኑ ያልሠለጠነ ሰው «መርጬ ቆረጥኩ» ሲል ምርጡን አውጥቶ ጠማማውን ትቶ ይሄዳል፤ ደኑ ከዓመት ዓመት እየከፋ ይሄዳል። አንድ ዓይነት ዕድሜ ያለውን ተክል ወደዚህ ለመለወጥም አሥርተ ዓመታት ይፈጃል።

በአንድ ሠንጠረዥ

| መንገድ | እንጨትና ገቢ | ብዝኃ ሕይወት | አደጋ | ውሃ | እውቀትና ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| 1. አንድ ዝርያ፣ ጠርጎ ቆረጣ | ፈጣን፣ ከፍተኛ | ዝቅተኛ፤ ክፍት ቦታ ወዳዶች ይጠቀማሉ | ከፍተኛ | ጫናው ይበዛል | ቀላል |
| 2. ዳርና ጅረት መተው | ከተተወው መሬት ስፋት ያነሰ ቅናሽ | ከፍተኛ፣ በተለይ ለነባር ዝርያ | መካከለኛ | ጥሩ | ቀላል፤ መጤ የመንቀል ዓመታዊ ወጪ |
| 3. ማሳሳት፣ ዙር ማርዘም፣ መተው | ግንዱ ይወፍራል፤ ገቢው ይዘገያል | መካከለኛ እስከ ጥሩ | መካከለኛ | ትንሽ የተሻለ | መካከለኛ፤ ማሳሳት ራሱን ሊከፍል ይችላል |
| 4. ድብልቅ | ቦታና ዝርያ ይወስነዋል | ጥሩ | ለተባይና ለገበያ ዝቅተኛ፤ ለእሳት አይታመንም | ዝርያው ይወስነዋል | ከባድ ተከላ፣ ውስብስብ ቆረጣ |
| 5. መርጦ መቁረጥ | ቋሚ፣ ወፍራም ግንድ | ለጥላ ወዳዶች ከሁሉም የላቀ | ዝቅተኛ፤ በሽግግሩ ነፋስ ያሰጋል | በጣም ጥሩ | ከፍተኛ እውቀት፣ ብዙ ዓመት |

ለማን የቱ?

ገንዘብ የሌለው፣ ጥቂት ሄክታር ያለውና ቶሎ ሽያጭ የሚፈልግ ሰው አማራጭ 1ን ይያዝ፤ አያፍርበትም። ሁለት ነገር ብቻ ይጨምር፦ ውሃ ዳሩን አይትከል፣ ፀረ አረሙን በችግኙ ዙሪያ ይወስን። ሁለቱም ወጪ ይቀንሳሉ እንጂ አይጨምሩም።

ደኑ ቀድሞ የተተከለለት ሰው፣ ማለትም አብዛኞቻችን፣ አማራጭ 3 የእሱ ነው። ስለ ዝርያ መከራከር አርፍዷል። ማሳሳት ግን አላረፈደም፤ ዛፉ ገና ወጣት ከሆነ ዘንድሮ ይጀመር። ዘግይቶ የሳሳ ቀጭን ደን ነፋስ ያጎብጠዋል።

ትልቅ ይዞታ ያለው ኩባንያ ወይም የመንግሥት ድርጅት አማራጭ 2ን መሠረት አድርጎ 3ን ይደርብበት። እኔ ብጠየቅ ገንዘቡን የማውለው እዚህ ላይ ነው፤ በእያንዳንዱ የጠፋ ሜትር ኪዩብ ብዙ ፍጥረት የሚተርፈው በዚህ መንገድ ነው። የቆረጣ ቦታዎቹንም አነስ አነስ አድርጎ ዓመታቸውን ያፈራርቅ፤ ወጣትና አሮጌ ጎን ለጎን ሲቆሙ እንደዚያች ጭልፊት ያሉት ይጠቀማሉ። ምስክር ወረቀት የሚፈልግ ገዢ ካለውም ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ነው።

ለተባይ ወይም ለገበያ መዋዠቅ የተጋለጠ፣ አዲስ መሬት ላይ የሚጀምርና የችግኝ ጣቢያ በእጁ ያለ ማኅበር አማራጭ 4ን ይሞክር፤ ግን በመደብ። መጀመሪያ ከመሬቱ አንድ አሥረኛው ላይ። የተራቆተ መሬት ወደ ነባር ደን መመለስ የሚፈልግ ደግሞ የብራዚሉን የሞግዚት ዘዴ ይመልከት።

አማራጭ 5 ጥላ የሚችል ዝርያ፣ የማይናወጥ አፈርና የሠላሳ ዓመት ትዕግሥት ላለው ነው። ውሃ መያዣ ተፋሰስ፣ ገደላማ ቦታ፣ ሰው የሚዝናናበት ደን፣ እዚያ ያዋጣል።

የመረጣችሁት የትኛውንም ይሁን፣ መሬቱ ላይ ከመግባታችሁ በፊት አሥር ቦታ ላይ ችካል ትከሉ። ሦስቱ ጅረት ዳር፣ ሦስቱ ጠርዝ ላይ፣ አራቱ መሃል ላይ ይሁኑ። በእያንዳንዱ ችካል ዙሪያ 5 ሜትር ውስጥ ያልተከላችሁትን ችግኝ በሙሉ ቁጠሩ። የወደቀውን ወፍራም ግንድም ቁጠሩ። በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ወደ ሰሜን፣ ከችካሉ ላይ ቆማችሁ። በየሁለት ዓመቱ በዚያው ወር ተመለሱ። ሁለት ሰውና አንድ ቀን ይበቃዋል።